በሐኪም የታዘዘ ብስክሌት

በአገራችን ወፍራም ሰው የሕዝብ ንብረት ነው። እንዴት ብትሉ፣ ቀጭን ሰው መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰላም ብለውት ያልፋሉ። ወፍራም ሰው ሲያልፍ ግን ሰላምታው ይቀርና ግምገማው ይጀመራል። «ተመችቶሻል!» ይላል አንዱ። «ኧረ በቃሽ!» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ ዓይኑን ከእግሬ እስከ ራሴ ቀስ አድርጎ ያወጣና «ማሻአላህ» ይላል። ይሄ ማሻአላህ ዓይን እንዳይበላኝ የተባለ ይሁን፣ ወይስ ይህን ሁሉ ፈጥሮ በሁለት እግር ላቆመ ጌታ የቀረበ ምስጋና ይሁን፣ ሐረር ተወልጄ አርባ ስድስት ዓመት ስኖር እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

እኔ እንግዲህ ተጠራጣሪ ሴት ነኝ፤ አልደብቅም። ሰው ሲያመሰግነኝ «ምን ፈልጎ ነው?» እላለሁ። ሳያመሰግነኝ ሲቀር «ምን ሰምቶ ነው?» እላለሁ። ምን ላድርግ? ሃያ ሦስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተማርኩ። በአንድ ሴሚስተር አያቱ ሦስት ጊዜ የሞቱበት ተማሪ ነበረኝ፤ ሦስቱም ጊዜ የሞቱት በፈተና ቀን ነው። ከዚህ በኋላ ማንን ልመን? ኪሎዬን ደግሞ እያሰባችሁት እንደሆነ ስለማውቅ ልገላግላችሁ፤ መቶ ሁለት ነው። ማለቴ፣ ይሄ ነገር ሲጀመር መቶ ሁለት ነበር።

የተጀመረው ባጃጅ ውስጥ ነው። ከፈላና በር ወደ ትምህርት ቤቴ የምሄደው በባጃጅ ነበር። ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው ይጭናል። ሦስት እንዲሆን ማን እንደወሰነ አላውቅም፤ የወሰነው ሰውዬ ግን እኔን አላየኝም። አንድ ሰኞ ጠዋት ገብቼ ስቀመጥ ሾፌሩ በመስታወት አየኝና «ማዘር፣ የሁለት ሰው ትከፍያለሽ» አለኝ። ይሁን፤ አዲስ ነገር አይደለም። የከፋኝ አጠገቤ የነበረው ክራቫት ያሰረ ጎልማሳ ነው። የሁለት ሰው ከፍዬ በአንድ ሰው ቦታ ላይ ተሰብስቤ ሳለሁ፣ ትንፋሹን ውጦ ወደ ውጭ ተንጠለጠለና ስልኩን አውጥቶ «እየመጣሁ ነው፣ ትንሽ ተጨናንቀን ነው» አለ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ስልኩ ጠርቶ ነበር? አልጠራም። ወዲያ ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር? እኔ ምንም አልሰማሁም። ያ ስልክ የተደወለው ለኔ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ እስከ ዛሬም እጠረጥራለሁ። መሃል መንገድ ላይ አስቆምኩና ወረድኩ።

በእግሬ ስሄድ ታዲያ በአው ዩሱፍ ደጃፍ አለፍኩ። ሐረር ውስጥ ሸምገል ያለን ሰው አው ብሎ መጥራት ልማድ ነው፤ አው ዩሱፍ ብስክሌት ይጠግናሉ፣ አሮጌም ገዝተው አድሰው ይሸጣሉ። ደጃፋቸው ላይ አንድ አረንጓዴ ብስክሌት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ ራሴንም ጠረጠርኩት።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለ ታላቅ ወንድሜ ብስክሌት ነበረው። ያኔም ሞላ ያልኩ ስለነበርኩ «ትሰብሪዋለሽ» እያለ አያስነካኝም። አንድ ጊዜ ግን ኩፍኝ ያዘውና ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳምንት ተኛ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ሜዳ እየወደቅሁ እየተነሣሁ ተማርኩት። ብስክሌቱ አልተሰበረም፤ የተላጠው የኔ ጉልበት ነው። ወንድሜ ሲሻለው ብስክሌቱን ተረከበ፣ እኔም ወደ ገመድ ዝላይ ተመለስኩ፤ እሱንም መሬቱ ይንቀጠቀጣል እያሉ ከለከሉኝ።

አው ዩሱፍ ዋጋውን ስጠይቃቸው መጀመሪያ ጎማውን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ፣ ከዚያ ተመልሰው ጎማውን አዩ። በልባቸው ሒሳብ ሲሠሩ ይታየኛል። «ለልጅሽ ነው ቲቸር?» አሉኝ። አይደለም አልኩ። «ለባልሽ?» አይደለም። «ለወንድም?» ወንድሜ ብስክሌት አይገባውም አልኳቸው። ሲጨንቃቸው «ታዲያ ለማን?» አሉ። ለኔ አልኩ። «ላንቺ? ለምን?»

አሁን ልብ በሉልኝ። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሁለት ቃል ነበር፤ ደስ ይለኛል። ሃያ ሦስት ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ስለ ሰሃራ በረሃ ያወራሁ ሴት፣ ይህቺን ሁለት ቃል ማውጣት አቃተኝ። ቀጭን ሰው ብስክሌት ሲገዛ ደስ ብሎት ነው ይባላል። መቶ ሁለት ኪሎ የሆነች ሴት ደስ ይለኛል ብትል ማን ያምናታል? አፌ ብቻውን ተከፈተና «ሐኪም አዞኝ ነው» አለ።

የአው ዩሱፍ ፊት ወዲያው ተለወጠ። «አላህ አፊያ ያድርግሽ» አሉ፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ። ከዋጋው ሳልጠይቃቸው ቀነሱልኝ፤ የኋላውን ጎማ ሽቦዎች በወፋፍራሞቹ ቀየሩልኝ፤ ካቴናውን ዘይት ቀቡት፤ ኮርቻውም ከሥሩ ባለችው ትንሽ ማጠፊያ በእጅ ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳዩኝ። ለበሽተኛ የሚደረገው ሁሉ ተደረገልኝ። እኔም በዝምታ ተቀበልኩ። ውሸት እንዲህ ቅናሽ እንዳለው ባውቅ ቀደም ብዬ እጀምር ነበር ብዬ ወደ ቤት ገፋሁት።

ግቢያችን ውስጥ ከሁሉ በፊት ያዩኝ እትዬ ዘነበች ናቸው። እትዬ ዘነበች አከራያችን ናቸው። የወታደር ባለቤት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል። ዕድሜያቸው ስልሳ ሁለት ነው። ቁመታቸው ከኔ ያንሳል፣ ስፋታቸው ይበልጣል። የሰፈራችን ሴቶች እድር ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው፤ የእድሩን ማኅተም በመሐረብ ቋጥረው ጡታቸው ሥር ነው የሚይዙት። ያለዚያ ማኅተም በኛ ሰፈር ድንኳን አይተከልም፣ ድስትም አይወጣም። ብስክሌቱን ሲያዩ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ዞሩት። ቃጭሉን በአንድ ጣት ነካ አደረጉትና፣ ሲጮህ ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ሴት ልጅ በዚህ ዕድሜዋ እግሯን ከፍታ ከተማ ለከተማ ልትዞር ነው ወይ፣ ይሄንንስ ያከራየሁት ሰው ያደርገዋል ብዬ አላሰብኩም ብለው ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብስክሌቱን የሚያዩበት ዓይን አላማረኝም። አንድ ቀን ያስወጡብኛል ብዬ መዝግቤ ያዝኳቸው።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የባሌን ቱታ ከቀሚሴ ሥር አጥልቄ ወጣሁ። ከቀሚስ ሥር ሱሪ መልበስ ሐረር ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ ከላይ ያለው ነው። የግቢው በር ላይ የጎረቤታችን ዘበኛ አገኘኝና፣ ጅቡ ገና አልገባም፣ አንቺን ካገኘ ለወር ይበቃዋል አለኝ። አንተን ካገኘህ ደግሞ አዝኖ ቁርስ ይጋብዝሃል ብዬው ወጣሁ።

የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ አልነግራችሁም፤ የጀጎል ግንብ ይመስክር። ከዚያ በኋላ ግን እግሬ አስታወሰ። ግንቡን ጥግ ጥጉን ይዤ ወደ አቦከር ሰፈር ስወርድ ነፋሱ ፊቴ ላይ መጣ፤ ያው የድሮው ነፋስ ነው። ጫት ተሸክመው ወደ ገበያ የሚገቡ ሴቶች ቆመው አዩኝ። አንዷ «ማሻአላህ!» ብላ ጮኸች፤ ያን ጊዜ ግን ምን ማለቷ እንደሆነ ለመጠርጠር ጊዜ አልነበረኝም። ደስ አለኝ። በቃ፣ ደስ አለኝ። ይሄ ገላ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ይቅርታ ስጠይቅበት የኖርኩት ገላ ነው፤ ለባጃጅ ሾፌር፣ ለልብስ ሰፊ፣ ለፕላስቲክ ወንበር ሳይቀር ይቅርታ ጠይቄበታለሁ። ያን ጠዋት ግን ይዞኝ ሄደ፤ ዳገቱንም አወጣኝ። ቤት ስገባ አልቅሼ ነበር፤ ባሌን ላብ ነው አልኩት።

አሁን ወደ ወሬው እንምጣ። አው ዩሱፍ ለማንም አልተናገሩም፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ለባለቤታቸው ብቻ ነው የነገሯቸው። ባለቤታቸውም ለማንም አልተናገሩም፤ በርጫ ላይ አብረዋቸው ለሚቀመጡ ሦስት ሴቶች ብቻ ነው። ሐረር ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጦ ጫቱን ሲቅም ጉዳይ ይፈልጋል፤ የኔ ጉዳይ ደረሰለት። በሁለተኛው ሳምንት ስኳር ይዞኛል ተባለ። ቀጥሎ ስኳር ብቻ አይደለም፣ ልብም አለበት ተባለ። አንዱ ደግሞ፣ ውጭ አገር ልትሄድ ነው፣ ኤምባሲ ወፍራም አላስገባም ብሏት ነው ብሎ ሲከራከር ሰምቼዋለሁ። ደስ ብሏት ነው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ እንኳ አላልኩም፤ በሌላው እንዴት እፈርዳለሁ?

ከዚያ ደግሞ ሰው ሁሉ «ምነው ከሳሽ?» ይለኝ ጀመር። ሥጋ ሻጩ «ምነው ከሳሽ?» የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ «ውይ፣ ፊትሽ አለቀ እኮ!» በኛ አገር ወፈርሽ ማለት ተመችቶሻል ማለት ነው፤ ከሳሽ ማለት ደግሞ ኑዛዜሽን ጻፊ ማለት ነው። እውነት ይሆን እንዴ ብዬ ፋርማሲ ደጃፍ ያለው ሚዛን ላይ ወጣሁ። መቶ ሦስት! ጨምሬያለሁ። ሚዛኑን ጠረጠርኩና ወርጄ ድጋሚ ወጣሁ፤ እሱ ግን በቃሉ ጸና። እንግዲህ ፍረዱ፤ ከተማው በሙሉ አልቃለች እያለ የሚያዝንላት ሴት በአንድ ኪሎ ጨምራለች። ሰው የሚያየው በዓይኑ ሳይሆን በሰማው ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ባሌ ነው። ታደሰ ከደብረ ብርሃን ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ መጥቶ እኔን አግብቶ የቀረ፣ ከሲታና ዝምተኛ ሰው ነው። ሃያ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ብርቱካን ልጦልኝ አያውቅም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ብርቱካን ይልጥልኝ ጀመር። ነጩን ክር ሳይቀር እያነሣ! የገበያውን ዘንቢል ከእጄ ይቀማኛል። አንድ ቀን ከእንቅልፌ ስነቃ ትራሱን ተደግፎ ሲያየኝ አገኘሁት። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? እኔም ያንኑ አሰብኩ። ሴት ይዟል! የበደለ ባል ነው እንዲህ የሚለሰልሰው ብዬ ኮቱን አሸተትኩ፣ ኪሱን ፈተሽኩ። የተገኘው ስለ ስኳር በሽታ የሚያስረዳ የታጠፈ ወረቀት ነው። የሴትዮዋ በሽታ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ።

እነዚህን ሁሉ እችላቸው ነበር። ያልቻልኩት የኮርቻውን ነገር ነው።

ኮርቻውን ለቁመቴ አስተካክዬ አጥብቄ እወርዳለሁ፣ ብስክሌቱንም ግቢ አስደግፌ ሥራ እሄዳለሁ። በነጋታው ስወጣ አራት ጣት ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ረስቼው ይሆናል አልኩ። በሁለተኛው ቀን አጥብቄ አሰርኩት፤ በነጋታው አራት ጣት ዝቅ። በሦስተኛው ቀን ባለኝ ኃይል አሰርኩት፤ አራት ጣት ዝቅ! ምን ልበል? ጠዋት የተጫነበት ክብደቴ አድሮ እያሰመጠው ነው አልኩ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆንኩ መሬት ቀስ እያለ እንደሚሰምጥ አውቃለሁ፤ ብረትም ቢሆን ያው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አው ዩሱፍ ዘንድ ወሰድኩትና፣ ዓይናቸውን እየሸሸሁ፣ ኮርቻው አልቻለኝም አልኳቸው። አዩት፣ አገላበጡት፣ ሁለት እጃቸውን ጭነው ተንጠለጠሉበት። «ይሄ ኮርቻ ወላሂ ሁለት ኩንታል ስሚንቶ ይችላል» አሉ። ከዚያ እኔን አዩና፣ እንዳልከፋ ብለው መሰለኝ፣ «ሦስትም» ብለው ጨመሩ። በነጋታው ግን ያው አራት ጣት ዝቅ ብሎ ጠበቀኝ።

ያኔ ልቤ ተሰበረ። ሰው ቢስቅ እመልስለታለሁ፣ ቢያወራ እጠረጥረዋለሁ። ብረት ሲመሰክርብኝ ግን ምን እላለሁ? ወንድሜ ትሰብሪዋለሽ ያለው እውነቱን ነበር ማለት ነው። ቅዳሜ ለአው ዩሱፍ መልሼ ልሸጠው ቆረጥኩ። ሐሙስና ዓርብ ለመሰናበቻ እነዳዋለሁ አልኩና፣ ረቡዕ ማታ አጣጥቤ ወለወልኩት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቴ ሰው ሞልቶ ጠበቀኝ። ታደሰ ከሥራ ቀርቶ አልጋዬን ሳሎን አውጥቶታል። እትዬ ዘነበች አጥሚት በፔርሙስ ይዘው መሃል ላይ ተቀምጠዋል። የአው ዩሱፍ ባለቤት ብርቱካን ይዘዋል። የእድራችን ጸሐፊ አልማዝ ደግሞ፣ ይሄን ልብ በሉ፣ ለልቅሶ እንደሚደረገው ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው የመጣችው። ማን ሞተ አልኩ። ሁሉም ወለሉን አዩ። ታደሰ ክንዴን ይዞ አልጋው ላይ አስቀመጠኝ።

«እግዜር ይማርሽ» አሉ እትዬ ዘነበች። አሜን አልኩ፤ ምን ይባላል ሌላ? ምግብ ይበላልሻል ወይ አሉኝ። ሰዎች፣ በሕይወቴ ይህንን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም! መልስ እንዲሆናቸው አጥሚቱን ጠጣሁ፣ ብርቱካኑን በላሁ፣ ዳቦ ሲቀርብልኝ ዳቦውንም በላሁ። ይሄ ያሳምናቸዋል ብዬ ቀና ስል፣ አልማዝ ወደ አው ዩሱፍ ባለቤት ዘንበል ብላ፣ እናቴም ሊሞቱ ሰሞን እንደዚሁ አምሯቸው ነበር ስትል ሰማኋት።

ታደሰን አየሁት። ጥግ ይዞ ቆሞ የበላሁትን የብርቱካን ልጣጭ በእጁ ይዟል፤ የሚጥልበት የጠፋው ይመስላል። ሴት የያዘ ባል እንዲህ አይሆንም። ያ ሁሉ ብርቱካን፣ ያ ሁሉ ወረቀት፣ ትራስ ተደግፎ ማየት፣ ለካ እኔ ልሞትበት ነው። ስንት ሳምንት ሙሉ በአንዲት ውሸቴ ሰውዬውን ስቀብረው ኖሬያለሁ።

ተነሣሁና አልጋው ዳር ቆምኩ። አላመመኝም አልኩ። ስኳር የለብኝም፣ ልብም የለብኝም፣ ሐኪም የሚባል ፍጡር ዘንድ አልሄድኩም፤ አው ዩሱፍን የዋሸኋቸው አፍሬ ነው። ብስክሌቱን የገዛሁት ደስ ስለሚለኝ ነው። ለመክሳትም አይደለም፤ እንዲያውም አንድ ኪሎ ጨምሬያለሁ። እንደዚሁ እንደሆንኩ፣ ከነመቶ ሦስት ኪሎዬ፣ ስነዳው ደስ ይለኛል። ይሄንን ሁሉ የተናገርኩት ክፍል ውስጥ በማስተምርበት ድምፅ ነው፤ የጎረቤታችን ዘበኛ ሳይሰማው አልቀረም።

አልማዝ ነጠላዋን ልታቃና ጀመረችና፣ ግማሹን አቅንታ ግማሹን ለማንኛውም ብላ ተወችው። የአው ዩሱፍ ባለቤት ቀስ ብለው፣ ይሄ ስኳር የሚሉት ነገር ጭንቅላት ላይም ይወጣል አሉ እኮ አሉ። ታደሰ ብቻ ነው ያመነኝ። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ልጣጩን ወለሉ ላይ ወርውሮ ተቆጣ፤ ብቻዬን ልቀር ነው እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩ፣ ደስ ይለኛል ብትዪኝ ምን እልሽ ነበር አለኝ። ምን ይለኝ ነበር? እውነቱን ነው፣ ምንም አይለኝም ነበር። ከሁሉ ሰው አስቀድሜ ልጠይቀው የሚገባኝን ሰው ኮቱን ሳሸት ከረምኩ። ከዚያ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ፤ ሴቶቹም እያጉረመረሙ ተከተሉት።

እትዬ ዘነበች ግን አልወጡም። በሩን ዘጉት። መጣ አልኩ በልቤ፤ ብስክሌቱን ካላወጣሽ ቤቱን ልቀቂ ሊሉኝ ነው። ቅዳሜ እሸጠዋለሁ ልል አፌን ስከፍት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ፤ አልጋው በሁለታችን ጮኸ። በሹክሹክታ፣ ያ ሐኪም የት ነው ያለው አሉኝ።

ሐኪም የለም እያልኩ እኮ ነው እትዬ፣ ውሸት ነው አልኳቸው።

«እሱን አልሰማሁም» አሉ። በሩን ደግመው አዩና፣ «ለኔም ይዘዝልኝ» አሉ።

አንዴ ጀምረዋልና አላቆሙም። በልጅነታቸው አጎታቸው ብስክሌት እንደነበረው፣ አንድ ቀን ተቀምጠውበት ሳለ እንደተገረፉ፣ ከዚያ ትዳር፣ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ እድር እንደመጣ፣ እንዲህ ያለ ገላ ይዤ በዚህ ዕድሜዬ ደስ አለኝ ብዬ ብወጣ ሰፈሩ ምን ይላል ብለው እንደቀሩ ነገሩኝ። ሐኪም ያዘዘው ከሆነ ግን ማን ይናገራል? መድኃኒት ነዋ! ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ አንቺ ትምህርት ቤት ስትሆኚ እየወጣሁ ግድግዳውን ይዤ እቀመጥበታለሁ፣ አልነዳሁትም፣ እግዜር ያውቃል፣ እቀመጥበታለሁ ብቻ አሉ። «ኮርቻው ለኔ ቁመት ከፍ ይላል። ዝቅ አደርገውና መልሼ ከፍ ማድረጉን እረሳዋለሁ። ይቅር በዪኝ ልጄ።»

አራት ጣት!

ባሌን የጠረጠርኩ፣ ሚዛን የጠረጠርኩ፣ ማሻአላህን ሳይቀር የጠረጠርኩ ሴት፣ ኮርቻው ሲወርድ የጠረጠርኩት የገዛ መቀመጫዬን ብቻ ነው። ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል ብዬ አንዲት ደቂቃ አላሰብኩም። እትዬ ዘነበችን አንገታቸውን አቅፌ ሳምኳቸው፤ ለምን እንደሳምኳቸው አልገባቸውም፣ እሳቸውም ጠረጠሩኝ።

ከተማሪዎቼ ደብተር አንድ ቅጠል ቀደድኩና ጻፍኩ፤ «ለወይዘሮ ዘነበች። ብስክሌት። በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት። ለዕድሜ ልክ።» ከሥሩ ፈረምኩ፤ ሐኪም እንደሚፈርመው፣ ማንም እንዳያነበው አድርጌ። እትዬ ዘነበች ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። ገለበጡትና ጀርባውን አዩ። ከዚያ እኔ በደንብ በማውቀው ዓይን አዩኝ።

«ማኅተም የለውማ» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት በዚህ አገር ምን ይሠራል? እኔ ስጨነቅ እሳቸው እጃቸውን ወደ ጉያቸው ሰደዱ፣ መሐረቡን ፈቱ፣ የእድሩን ማኅተም በትንፋሻቸው አርጥበው ወረቀቱ ላይ ደፉት። አጥፈውም ማኅተሙ ከነበረበት ቦታ ከተቱት።

ዓርብ ጠዋት ኮርቻውን አራት ጣት ዝቅ አድርጌ እትዬ ዘነበችን አወጣኋቸው። እኔ ከኋላ ኮርቻውን ይዤ እሮጣለሁ፣ እሳቸው ከላይ ቃጭሉን እየደወሉ አቤቱ አቤቱ ይላሉ፤ ፈላና በር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆመ። አልማዝ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ ገጠመችን። እትዬ ምን ሆነዋል ብላ ጮኸች። እትዬ ዘነበች በእግራቸው መሬት ረግጠው ቆሙና፣ እንደ ንግሥት ቀና ብለው ወረቀቱን ከጉያቸው አውጥተው ሰጧት። አልማዝ አነበበችው። ከሥሩ የእድሩን ማኅተም አየች።

ከዚያ ነጠላዋን መልሳ ዘቀዘቀችው።